ለቆሻሻው ኮረብታ የላክናቸው ሽማግሌዎች

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ነው። ባለቤቴ ተፈራ ካረፈ ወራት አልፈው ነበር፤ እኔ ግን ጥቁር ልብሴን ገና አላወለቅሁም። ከዚያ ጊዜ ብዙ ነገር ከኀዘኑ ጋር ተደባልቆ ጠፍቶብኛል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ምን በላሁ፣ አላስታውስም። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ስናደድ በየመሐሉ ብዕሬን አስቀምጣለሁ።

ቤታችን ዳላስ አጠገብ ያለች፣ ሳክሲ የምትባል ትንሽ ከተማ ዳር ነው። ከጓሯችን አጥር ማዶ፣ አንድ መስክ አለፍ ብሎ፣ ኮረብታ ይታያል። ይህን አካባቢ የሚያውቅ ሰው አገሩ ሁሉ ሜዳ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ኮረብታው እግዜር የሠራው እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቆሻሻ ነው። የአንድ የግል ድርጅት ቆሻሻ መድፊያ ነበር። ቤቱን ስንገዛ፣ "ሞልቷል፣ ሊዘጋ ነው፤ ሣር ለብሶ ፓርክ ይሆናል" ተብለን ነበር። ተፈራ ይህን ሰምቶ፣ "ዳላስ ውስጥ ተራራ ያለው ጓሮ የገዛሁ እኔ ብቻ ነኝ" እያለ በጓደኞቹ ላይ ይኩራራ ነበር።

እውነትም የጭነት መኪና መግባቱ ቆመ። ሣሩ ግን አልመጣም። ድርጅቱ ግማሹን ስስ አፈር አለበሰውና ማሽኖቹን ጭኖ ሄደ። ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ ይታጠባል፤ ላስቲኩና ጨርቁ ብቅ ይላል። ከሥሩ ጥቁር ውኃ እየወጣ በቦዩ ወደ እኛ አጥር ይወርዳል። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል።

ተፈራ ያረፈ ሰሞን ነፋሱ ወደ እኛ ነበር። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰዎች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ሲያደርጉ አየሁ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አፍንጫቸውን እየያዙ ነው። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ፣

"እትዬ ዘነቡ፣ ሲንኩ ተደፍኖ ይሆን? ወንድሜ ፕላምበር ነው፤ ኮል ላድርግለት?" አለችኝ።

በጎ አስባ ነው። እኔ ግን ባሌን በማለቅስበት ሰዓት ስለ ቤቴ ሽታ አፈርኩ። ሰው ቡናውንም ሳይጨርስ እየተነሣ ሄደ። ያን ዕለት አንድ ነገር ቆረጥኩ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጓሮው ውስጥ ድንኳን አስተክላለሁ፤ ሰው ተፈራ በለፋበት ቤት፣ ንጹሕ አየር እየሳበ፣ በልቶ ጠጥቶ "ነፍስ ይማር" ይላል። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ልጄ ሄለን ፋርመርስ ብራንች በምትባል ሌላ ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ነገሩን ኮምፒዩተሯ ላይ ስትፈላልግ ሰነበተችና፣ "እማ፣ ይሄኮ ሕግ አለው! ዝም ብለው ጥለውት መሄድ አይችሉም" አለችኝ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ቆሻሻ የሚደፋ ድርጅት ፈቃድ ሲያወጣ ዋስ ማስያዝ አለበት። ቦታው ሲሞላ በወፍራም አፈር ሸፍኖ፣ ሣር አብቅሎ፣ የሚወጣውን ጋዝና ፍሳሽ ለዓመታት እየተቆጣጠረ እንዲዘጋው ነው። ድርጅቱ ቢከስር ወይም ጥሎ ቢጠፋ ወጪውን የሚሸፍነው ዋሱ ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ዋስ ምን እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም። ዋሱን መያዝ ነው፤ አለቀ።

ቆሻሻ መድፊያዎችን ወደሚቆጣጠረው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ደወልን። ጉዳዩን የያዘችው ሴት ታጋሽ ናት፤ እንግሊዝኛዬ ሲንገዳገድ አትቸኩልብኝም። አጣርታ መልሳ ደወለችልን። ለድርጅቱ ዋስ የሆነው ሌላ ኩባንያ ነው አለች። የዚያ ኩባንያ ባለቤት ደግሞ ራሱ የቆሻሻው ባለቤት ነው።

"ራሱ ለራሱ ዋስ ሆነ ማለት ነው?" አልኳት።

"በወረቀት ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው። አቅም እስካላቸው ድረስ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል።"

"አቅም አላቸው?"

"አሁን የላቸውም። እኛም የምንጠይቃቸው ለዚህ ነው።"

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር አንድ ሰው ቀበሌ ሄዶ "ዋሴ እኔው ነኝ" ቢል፣ ጸሐፊው ስቆ ሲያበቃ ያባርረው ነበር። እዚህ አገር፣ በስንት ሕግ አዋቂ መሐል፣ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ያም ሆነ ይህ መሥሪያ ቤቱ ድርጅቱን ከሰሰው። ከባለቤቱ ጋር የማይዛመድ እውነተኛ ዋስ እንዲያመጣና ኮረብታውን እንዲሸፍን ነው የተጠየቀው። ጉዳዩ በዳኛ ፊት የሚሰማበት ሂሪንግ ተቀጠረ። ቀኑ ከሙት ዓመቱ በፊት ብዙ ቀደም ብሎ ስለነበር፣ ሳይደርስ ይሸፈንልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ድንኳን የሚያከራየውንም ሰው አነጋገርኩ።

በዚህ መሐል ጋሼ ጌታሁን መጡ። የተፈራ የቅርብ ወዳጅ ናቸው፤ ኤርፖርት ታክሲ እየነዱ ያረጁ፣ የእድራችን ሰብሳቢ። አንድ ቤት ጠብ ከተነሣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

"ዘነቡ፣ አንቺ ጥቁር ለብሰሽ ፍርድ ቤት አትቆሚም" አሉኝ። "ኩባንያም ቢሆን ባለቤቱ ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይለመናል። ሽማግሌ ይላክበት።"

"ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ሽማግሌ ምን እንደሆነ መች ያውቃል?"

"ይማራላ! ስንት ሰሃን የተወራወረ ባልና ሚስት አስታርቄ ለአንድ የቆሻሻ ክምር ላንስ ነው?"

ሳቅኩ። ተፈራ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እሺ አልኩ።

የድርጅቱ ቢሮ ግራንድ ፕሬሪ የምትባል ከተማ ነው፤ ዌርሃውስ ብቻ የተደረደረበት መንገድ ላይ። ጋሼ ጌታሁን ሌሎች ሁለት የተፈራ ጓደኞች ጨምረው፣ ሦስቱም ሱፋቸውን ከክራባት ጋር ለብሰው፣ የጋሼ ጌታሁን ሚስት የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እኔና ሄለን መኪና ውስጥ ቀረን።

"ጋሼ፣ ሎየር ሳይኖር ባትገቡ ጥሩ ነበር፤ ማለቴ፣ ኬዙ ኦፕን ነው፣ ገና አላለቀም" አለቻቸው ሄለን።

"ልጄ፣ ሽማግሌ ከሎየር ጋር አይሄድም" ብለው ገቡ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የነገሩን። እንግዳ ተቀባይዋ ዳቦውን አይታ የሚሸጡ መስሏት፣ "ዛሬ አንገዛም" አለቻቸው። ኋላ ሥራ አስኪያጁ ወጣና እንዲቀመጡ ወንበር አሳያቸው። እነሱ ደግሞ እንደ ወጉ፣ "ጉዳያችንን እሺ ሳትለን አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ሦስት ሱፍ የለበሱ ሽማግሌዎች አንቀመጥም ብለው ሲቆሙበት ደንግጦ ሴኩሪቲ ሊጠራ ስልኩን አንሥቶ ነበር። በመጨረሻ ራሱ ባለቤቱ ከውስጥ መጣ። አዳመጣቸው፤ ደግነት የተሞላ ሰው ይመስል ነበር አሉ። እሱም አባቱን በቅርቡ እንደቀበረ ነገራቸው። ዳቦውን ተቀበለ፤ ቆርሶም ቀመሰ። ከዚያ ጸሐፊዋን ጠርቶ አብረው ፎቶ ተነሡ።

ጋሼ ጌታሁን ገና ከበሩ ሲወጡ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡልን።

"ጨርሰናል! ቃሉን ሰጥቶናል።"

"ምን አለ፣ ጋሼ?" አልኩ።

"'ጥሩ ጎረቤት መሆን እፈልጋለሁ፤ አንድ ነገር እናደርጋለን' አለ።"

"መቼ?" አለች ሄለን።

"አንቺ ደግሞ! ቃል የሰጠ ሰው ቀን ይጠየቃል?"

እኔም አመንኩ። ያን ምሽት ተኛሁ፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ሂሪንጉ ሲቃረብ ሄለን ከሥራ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

"እማ፣ ሂሪንጉ ፖስትፖን ሆኗል።"

"ማን አራዘመው?"

"እነሱ ናቸው የጠየቁት። ከጎረቤቶች ጋር እየተነጋገርን ነው፣ ለመስማማት ተቃርበናል ብለው ነው። ፎቶም አያይዘዋል።"

"የምን ፎቶ?"

"ሰውዬው ዳቦውን የያዘበትን።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ለመሥሪያ ቤቱ ሴት ደወልኩ። በኛ ዘንድ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ እንደሚላክ፣ ሽማግሌም የሚሄደው ለመለመን እንጂ ለመዋዋል እንዳልሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

"ወይዘሮ ዘነበች፣ ይገባኛል። እዚህ ግን እሱ ድርድር ይባላል። ድርድር አለ ከተባለ ጊዜ ይሰጣቸዋል።"

"እኛ ምንም አልተደራደርንም!"

"አምንዎታለሁ። ሂሪንጉ ላይ መጥተው ይህንኑ ይናገሩ።"

አዲሱ ቀጠሮ ከሙት ዓመቱ በኋላ ነበር።

ድንኳን ለሚያከራየው ሰው ደውዬ ድንኳኑ ይቅር አልኩት። ሙት ዓመቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወጣ። ምግቡ መልካም ነበር፤ ሰውም ብዙ መጣ፤ ካህናቱም ጸለዩለት። ማንም አፍንጫውን አልያዘም። ሁሉም፣ "እንዴት ያማረ ሆነ" አለኝ። እኔ ግን እንግዳ ሰው ቤት የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ተፈራ አጥሩን በእጁ ያቆመበት፣ በየቅዳሜው ሣር የሚያጭድበት ጓሮ ባዶውን ዋለ። ይህን ቀን ማንም ሊመልስልኝ አይችልም። ሙት ዓመት አንድ ጊዜ ነው።

በሂሪንጉ ቀን ከሄለን ጋር ሄድኩ። የድርጅቱ ጠበቃ ወጣት፣ ጨዋ ልጅ ነው። ንግግሩን የጀመረው ወደ እኔ ዞሮ፣ "በባለቤትዎ ሞት ጥልቅ ሐዘን ይሰማናል" በማለት ነው። ቀጥሎ ፎቶውን አነሣና፣ ከአካባቢው ማኅበረሰብ መሪዎች ጋር መልካም ግንኙነት መጀመራቸውን ጠቅሶ ተጨማሪ ጊዜ ጠየቀ። በፎቶው ላይ ጋሼ ጌታሁን ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ይስቃሉ።

ተራዬ ሲደርስ ሄለን ልትተረጉምልኝ ተነሣች። ተቀመጪ አልኳት። የምችለውን ያህል በራሴ እንግሊዝኛ ተናገርኩ።

"እነዚህ ሰዎች የባሌ ጓደኞች ናቸው" አልኩ። "የላክኋቸው ቆሻሻውን እንዲሸፍን እንዲለምኑልኝ ነው። ዳቦ ልኬለታለሁ። ጊዜ ግን አልላክሁለትም።"

ጠበቃው ፎቶውን ከወረቀቱ ሥር አስገባው።

ዳኛዋ የወሰነችው በከፊል ለእኛ ነው። ራሱ ለራሱ ዋስ መሆኑ እንዲቀርና ከእሱ ጋር የማይገናኝ ዋስ እንዲያመጣ አዘዘች። ኮረብታውን ስለ መሸፈን ግን መጀመሪያ ዕቅድ ያስገባ፣ ዕቅዱ ይመርመር፣ ከዚያ ይታያል ተባለ። ጠበቃው ከአዳራሹ ሳይወጣ፣ "ይግባኝ እንላለን" አለ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ኮረብታው እንደነበረ ነው። ትናንት ዘንቦ ጥቁሩ ውኃ አጥሩ ሥር ደርሷል።

ከሂሪንጉ በኋላ ጋሼ ጌታሁን ደወሉልኝ። የወትሮው ቀልዳቸው የለም።

"ዘነቡ፣ ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ። የተፈራን ሙት ዓመት ከቤቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?" አልኳቸው። "ሰው መስሎዎት ነው የሄዱት።"

አልቅሰው ነበር መሰለኝ፤ ቶሎ ዘጉት።

ኀዘኔ እየቀለለ ይሄዳል ይሉኛል፤ ምናልባት። ንዴቴ ግን አልቀለለም። ባሌ በመሞቱ ያላዘነልኝ የለም፤ ባለቤቱም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ጠበቃውም አዝነውልኛል። ስለዚያ ሽታ፣ ስለዚያ ውኃ፣ ስለቀረብኝ ቀን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዳቦ ይዞ ሊለምንልኝ የሄደው ሰው ነው።