ደጊቱ ደጅ የሚቆመው አይሱዙ

እኔ ጌዲዮን የነዳጅ ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬን የሚወድልኝ ሾፌር እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም ይወዱኛል ብዬ አልገባሁበትም። ደብረ ታቦር ካለው ቢሯችን ተቀምጬ ኮምፒውተር ላይ በሳተላይት የምንከታተላቸውን ትንንሽ መኪኖች ሳይ እውላለሁ። የሚሄደው አረንጓዴ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የቆመው ግራጫ ነው። ቆሞ በሚኒሞ የሚሠራው፣ አንድ ስንዝር ሳይራመድ ናፍጣ የሚጠጣው ማለቴ ነው፣ እሱ ቢጫ ነው። እኔ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለቢጫው ነው።

መመሪያችን አጭር ነው። ያለ በቂ ምክንያት ሞተር አስነስቶ ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆመ ሾፌር የናፍጣውን ዋጋ ከደሞዙ ይከፍላል። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የደረሰው መኪናውን ያስረክባል። ለናፍጣ ማደያ ደጅ በሚታደርበት በዚህ ዘመን መመሪያው ጨካኝ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ እሱ ተሰልፎ አያውቅም።

ሾፌሮቹ ምክንያት አያልቅባቸውም። አንዱ «ታቦት እስኪያልፍ ቆሜ ነው» ይላል፤ ቀኑን ብናይ ታቦት የሚወጣበት አይደለም። አንዱ «በጎች መንገዱ ላይ ተኝተውብኝ» ይላል። «ጨጨሆ ላይ ጉም ወርዶብኝ» ያለውን ግን አምኜዋለሁ፤ ጨጨሆን አውቀዋለሁና። ምንይችል አንድ ምክንያት ብቻ ነበረው። «ሞተር ለማሞቅ» ብሎ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ይከፍላል።

ምንይችል የእስቴ ሰው ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ካለ መንደር፣ ከገበሬ ቤት ተወልዶ፣ በረዳትነት ጀምሮ መሪ ከያዘ ብዙ ዓመቱ ነው። ከእኛ ማዳበሪያ ጭኖ በንፋስ መውጫና በአርብ ገበያ አድርጎ ስማዳ፣ ወገዳ ድረስ ይወስዳል፤ ሲመለስ ስንዴና ባቄላ ይጭናል። በዚያ መንገድ ተመላልሶ ጎማ እንጂ ሌላ ነገር ጠይቆን አያውቅም። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ቤቱ መኪናው ሆኗል፤ ጋቢናው ውስጥ ይበላል፣ ጋቢናው ውስጥ ያድራል። ሾፌር መቼም ወሬ አይጠፋውም፤ ይሄኛው ግን ሰላምታውን እንኳ ቆጥቦ ነው የሚሰጥ። እንዲህ ያለ ቁጥብ ሰው ናፍጣ ላይ ብቻ ለጋስ ሲሆን አልዋጥልህ አለኝ።

የባሰው ነገር ቢጫው የሚበራበት ቦታ አንድ መሆኑ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማው አልቆ የአርብ ገበያ መንገድ የሚጀምርበት ላይ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ሲሄድ እዚያ ይቆማል፣ ሲመለስም እዚያው ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሞተሩን ሲያንደቀድቅ ይቆይና ይሄዳል። ሲሄድስ እሺ፣ ብርዱን አውቀዋለሁ። ሲመለስ ግን አቀበቱን ሙሉ ሲያቃስት ወጥቶ የመጣ ሞተር ደግሞ ምን ቀረው የሚሞቅ?

ሥራ አስኪያጃችን ጠረጠሩ። «ናፍጣ እየቀዳ ይሸጣል» አሉ። የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሞተሩ በላው ይባላል፣ ናፍጣው ግን በጀሪካን በጓሮ በር ይወጣል። ምንይችል ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ምክንያቱ ካልታወቀ ሰኞ ሦስተኛው ይደርሰውና ቁልፉን ያስረክባል፤ በሌባ ስም የወጣ ሾፌር ደግሞ ሌላ ቦታ መሪ የሚሰጠው የለም። ጠራሁትና «እውነቱን ንገረኝ፣ ልርዳህ» አልኩት። «ሞተር ለማሞቅ ነው» ብሎኝ መሬት መሬቱን አየ። ተናደድኩበት። ሰው እንዴት ለገዛ እንጀራው አንድ ቃል ይነፍጋል?

እሱ በሌለበት ቦታውን እንድናጣራ ስለታዘዝን እሁድ ዕለት በፒክአፕ ሄድን፤ እኔና የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ቀለመ ወርቅ። ጋሽ ቀለመ ወርቅ ጠጉራቸው ነጭ ነው፣ እግራቸውን ስለሚያማቸው ከዘራ ይይዛሉ። ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ መምሬ በላይነህ የሚባሉ ቄስ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን። ንፋስ መውጫ ማኅበር ነበረባቸው። ቄስ መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ መኪና የለም፤ ጫንናቸው። ሻይ ቤቷ ደጅ ስንደርስ «ማኅበሩ ገና ነው፣ ሻይ እቀምሳለሁ» ብለው አብረውን ወረዱ።

የሻይ ቤቷ ባለቤት ደጊቱ ትባላለች። አርባ ዓመት የሚጠጋት፣ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትሠራ ሴት ናት። ስንገባ ሻይ የሚጠጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። አየችን። አንድ ቄስ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከፊት፣ አንድ ሽበታም ከዘራ ይዘው፣ ከኋላ አንድ ኮት የለበሰ ሰው፣ እኔ። «ቤት ለእንግዳ፣ ተቀመጡ» አለችን። ጋሽ ቀለመ ወርቅ መንገዱ ወገባቸውን ስለቀጠቀጠው መቆም መረጡ። እሳቸው ስለቆሙ መምሬም ቆሙ። እኔ ደግሞ ምስክር ሳነጋግር አልቀመጥም፤ ሻዩን ከጠጡለት ሰው እውነት አይገኝም።

«አንቀመጥም» አልኳት። «የሾፌሩን የምንይችልን ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን።»

ይህን የሚያነብ ያገሬ ሰው ምን እንዳደረግኩ ወዲያው ገብቶታል። እኔ ነኝ ያልገባኝ። ሦስት ወንዶች በሰንበት፣ ቄስ አስቀድመው መጥተው፣ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም ካሉ ናፍጣ ሊያጣሩ አልመጡም። ሽማግሌ ሆነው ሚስት ሊጠይቁ ነው የመጡት።

ደጊቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ጓዳ ገባች። ሻይ የሚጠጡት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ አንዱ በሩጫ ወጣ። ጀሪካኑን ሊደብቅ ነው ብዬ እኔም በሩጫ ጓሮ ዞርኩ። ጓሮው ውስጥ ጎመንና አንድ የታሰረ በግ አሉ። በጉ አየኝ፣ አየሁት፣ ተመለስኩ። ስመለስ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ያ ሰውዬ የሮጠው የደጊቱን ታላቅ ወንድም ሊጠራ ኖሯል። መሪጌታ ገብረ ሕይወት ይባላሉ፣ የቅኔ መምህር ናቸው። መደቡ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን አስተካከሉና «በሉ እንግዲህ፣ ጉዳያችሁን አሰሙና» አሉ።

ከቦርሳዬ ቢጫው የበራበትን ካርታ ላወጣ ስል መምሬ በላይነህ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ» አሉኝ በጆሮዬ። «እኛ እኮ ሽማግሌ ሆነናል።»

«የማን ሽማግሌ?»

«የሾፌራችሁ ነዋ።»

«እሱ መች ላከን!»

«አለመላኩን የምናውቅ እኛ ብቻ ነን። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እያየ፣ ለናፍጣ ነው የመጣን ብለህ ብትወጣ ይቺ ሴት ነገ በምን ዓይኗ ሰው ታያለች?»

ወደ ጓዳው አየሁ። ደጊቱ ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች፤ እግሯ ከሥር ይታያል። ንቅንቅ አትልም። መመሪያ የምወድ ሰው ነኝ፣ አልክድም። ያን እግር ሳይ ግን እፍረት ያዘኝና ካርታውን መልሼ ከተትኩት።

መምሬ በላይነህ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተናገሩ። ምንይችል ጨዋ መሆኑን፣ ታታሪ መሆኑን፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ መሆኑን መሰከሩ። በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም። «እንግዲህ ልጃችንን ልጅ ታደርጉልን ዘንድ፣ እኅትዎን ለትዳር ልንጠይቅ መጥተናል» ብለው ጨረሱ። ጋሽ ቀለመ ወርቅም ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ «መኪና አያያዙም ደህና ነው» ብለው ጨመሩበት።

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ወግ ነው፣ አይቸኮልም።

«በደንቡ ቢሆን ቀጠሮ እንሰጣችሁ ነበር» አሉ። «ልጃችሁ ግን የቀጠሮውን ጊዜ እደጃችን ቆሞ ጨርሶታል። አንድ ቀን ገብቶ ሻይ ጠጣ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እየመጣ ይቆማል እንጂ ወርዶ አያውቅም። ዛሬ ይልካል ነገ ይልካል ስንል ሰፈሩ ሁሉ ሰለቸው።»

ሽማግሌም ብሆን ሥራዬን መሥራት ነበረብኝ። «ቆሞ ሳለ ናፍጣ ሲቀዳ ያየው ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ምኑን ይቀዳል!» አሉ ጥግ የተቀመጡ እማማ ጌጤ የሚባሉ ጎረቤት። «መሪውን ጨብጦ በሩን በሩን ያያል እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የንፋስ መውጫ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰማይ ላይ ሳተላይት ያለን እኛ ብቻ ነበርን ያላወቅን።

መሪጌታ ጓዳ ገብተው ተመለሱ። «እሺ ብላለች» አሉ። «አንድ ነገር ግን ትላለች። ሲመጣ ሞተሩን አጥፍቶ ይውረድ። ጭሱ ግድግዳዋን አጥቁሮባታል።»

ይህ እንግዲህ መመሪያችን ነው። በየስብሰባው ለሾፌሮች ሳነብ ኖሬአለሁ፤ እንዲህ አጥሮ፣ እንዲህም ተስፋ ሰጥቶ ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ምንይችል ቢሮዬ ገባ። ምንም ሳልለው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ቀስ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ስንገናኝ የምለውን ቀልድ መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት።

«ደጊቱ ደጅ ሄደን ነበር» አልኩት። «ናፍጣ እንደማትሸጥ አውቀናል። ግን ምናለ አጥፍተኸው ብትቆም? ማየቱንስ አጥፍተህም ታያት ነበር።»

ስሟን ስጠራ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ። እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ተናገረ።

«ካጠፋሁት መውረዴ ነው» አለ። «ከወረድኩ ደግሞ መናገሬ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ግን ሂያጅ ነኝ። ሂያጅን እምቢ የሚል የለም።»

ያዘጋጀሁትን ቀልድ ተውኩት።

«እሺ ብላለች» አልኩት።

ቀና አለ። «ማን ጠይቋት?»

«ድርጅቱ።»

ሲቀለድበት መሰለው መሰለኝ፣ ፊቱ ጠቆረ። እኔም ቶሎ ብዬ ስለ መምሬ፣ ስለ መሪጌታ፣ ስለ እማማ ጌጤ፣ ስለ ጭሱም ጭምር ነገርኩት። በመጨረሻ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ የእኔ ቢሮ ሾፌር የሚቀመጥበት አይደለም። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበትና አለቀሰ። የት እንደማይ ጨንቆኝ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ሲለኝ ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ቁልፉን ወደሱ ገፋሁለት።

«ናፍጣውስ?» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ።

«ናፍጣውማ ከደሞዝህ ይቆረጣል። መመሪያ ነው።»

«ይቆረጥ!» አለ፤ ይህ ሰው ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «ይቆረጥ፣ ጌዲዮን! ሁሉንም ቁረጥብኝ!»