በበዓለ ሃምሳ የጾመው ካድሬ

ካድሬው አባቴ ቤት ቁጭ ብሎ «እኔ እንኳን ጾመኛ ነኝ» ያለበትን ቀን ሳስበው፣ እስከ ዛሬ ሳቄም ንዴቴም እኩል ይመጡብኛል...

ዘመኑ የደርግ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ስማር ቆይቼ ለእረፍት ደብረ ታቦር መጥቻለሁ። ተመልሼ ትምህርቴን ለመጨረስ የመውጫ ቪዛ፣ ለቪዛው ደግሞ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። የሚፈርመው ካድሬው ነው። ፎርሜ ላይ «ኢሶቶፕ» የሚል ቃል አይቶ ደነገጠና ሽማግሌውን የቀበሌ ጸሐፊ አስከትሎ ጋፋት፣ አባቴ ቤት ድረስ መጣ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። የአገሩ ገበሬ ማረሻውንም ማጭዱንም የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። እኛ ቤት እህል የሚቀምስ ግን አልነበረም... «ቡዳ ናቸው» እንባላለን።

«ይኼ ኢሶቶፕ የቦምብ ነገር አይደለም እንዴ?» አለኝ ካድሬው።

«አይደለም ጓድ። ጨረር የለውም። ብረት ነው፤ ከተራው ብረት ትንሽ ከበድ የሚል። ጠርሙስ ውስጥ ለምናሳድገው የጉበት ሕዋስ እንሰጠውና ምን ያህሉን እንደወሰደ እንለካለን። ከበድ ስለሚል ሕዋሱ ውስጥ ቀድሞ ከነበረው ብረት ይለይልናል።»

ብረት ሲባል አባቴ ጆሮውን ቀሰረ። «ሕዋሱስ ከባዱን ለይቶ አልፈልግም ይላል?»

«ኧረ አይልም አባባ! ለእሱ ያው ብረት ነው። ልዩነቱን የሚያየው የእኛ መሣሪያ ብቻ ነው።»

«ከሰው ይሻላል በይኛ» አለ አባቴ።

ካድሬው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ብድግ ብሎ «አብዮቱም እኮ ቀጥቃጭ፣ ጨዋ የሚባለውን ልዩነት ከሥሩ ነቅሎ ጥሎታል!» ብሎ ንግግር አደረገልን።

ተመልሶ ከመቀመጡ እናቴ ምሳ አቀረበች። ዶሮ ነው። ካድሬው ወጡን አየ... የአባቴን እጅ አየ... ከዚያ ነው «እኔ እንኳን ጾመኛ ነኝ» ያለው።

ባለፈው ስብሰባ «ጾም የአድኃሪያን ተንኮል ነው» እያለ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ያዋለን ሰውዬ!

አባቴ ረጋ ብሎ «ጓድ፣ በበዓለ ሃምሳ ደግሞ የምን ጾም አለ? ፋሲካ ከዋለ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ረቡዕና ዓርቡም ይበላል» አለው።

ጸሐፊው ሳቃቸውን ለመደበቅ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። እናቴ በዓይኗ «ዝም በይ» አለችኝ። ደብዳቤዬ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ አልተፈረመም። ፈርቻለሁ። ግን ልጅነቴን ሙሉ «በልቼ መጣሁ»፣ «ሆዴን አሞኛል» ሲሉን ሰምቼ ነው ያደግሁት። የዚያን ቀን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ።

እጄን ታጥቤ ከአባቴ መሶብ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለልሁና ካድሬው ፊት ቆምሁ።

«ጓድ፣ ወይ ይጉረሱ፣ ወይ የማይበሉበትን ምክንያት ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፉልን።»

ጸሐፊው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

ካድሬው እስክሪብቶዋን አየ። አፉን ከፈተ... ጎረሰ። እንደ ኮሶ ሳያኝክ ዋጠው። ለመውጣት ከመቸኮሉ የተነሣ ሌላ ነገር ሳይጠይቀኝ ደብዳቤዬን እዚያው ፈርሞ ሰጠኝ።

በሳምንቱ ጸሐፊውን ገበያ ላይ አገኘኋቸው።

«ጓድ ደህና ናቸው?» አልኋቸው።

«ምን ይሆናል ልጄ... ጋቢውን ተከናንቦ ጠዋት ጠዋት ጠበል ይጠመቃል እንጂ!»

ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሕዋስ «ከማን እጅ ነው?» ሳይል ብረት ይውጣል... ጓድ ግን ለአባቴ አንዲት ጉርሻ ሰባት ቀን ጠበል አስፈለገው!