የኬሪ አባትና ሁለቱ ሞገዶች

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ገና ቀኑን ቦርዱ ላይ ሳልጽፍ የተማሪዬ የኬሪ አባት በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ቦርኮቶ የምትባለዋን ትንሿን የእንጨት መቀመጫ በእጃቸው ይዘዋል። ከቱርሚ ማዶ ጂንካ ድረስ በአይሱዙ ተጭነው ስለመጡ አቧራው ገና ከላያቸው አልረገፈም።

«ልጄን ልወስድ መጣሁ» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት መሬቷ ነቅነቅ ብላ ነበር... እኛም ጋ፣ እሳቸው መንደርም። ማንም አልተጎዳም። ወሬው ግን አላረፈም። «ትልቁ ገና ነው፣ ይመጣል» የሚል ነገር ከስልክ ስልክ እየዞረ እነሱ አገር ሐመር ድረስ ገብቷል።

«የእኛ ቤት እንጨትና ሳር ነው። ቢወድቅ አራግፈን እንነሳለን። ይሄ ግን...» ብለው የክፍሉን የብሎኬት ግድግዳ በዱላቸው መታ መታ አደረጉት።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ፊዚክስ ሳስተምር አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ምን ብዬ ልከራከራቸው? ሰውዬው ልክ ናቸው! ግን ደግሞ ሌላም ነገር አውቃለሁ... «ለትንሽ ቀን ነው» ተብለው ከሆስቴል የወጡ ሴት ተማሪዎች ብዙዎቹ አልተመለሱም። ተዳሩ ሲባል ነው የምንሰማው። ኬሪ ደግሞ ከመንደሯ አስራ አንደኛ ክፍል የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ኬሪ ግን ደብተሯን እንኳን አልሰበሰበችም።

«ቲቸር፣ አባቴን አንድ ነገር ላሳየው» አለችኝ።

ክፍሉን በሙሉ ወደ ሜዳ ይዛ ወጣች። ልጆቹን በአንድ መስመር አሰለፈችና እያንዳንዱ እጁን ፊቱ ባለው ልጅ ትከሻ ላይ እንዲያደርግ አዘዘች። አባቷን ከሁሉም ፊት አቆመቻቸው። ከዛ ከኋላ ሄዳ የመጨረሻውን ልጅ ገፋ አደረገችው። ግፊቱ ከትከሻ ትከሻ ሮጦ የአባቷን ጀርባ ገፈተረው። ቀጥላ ያንኑ ልጅ ወደ ጎን አወዛወዘችው። ይሄኛው እየተጎተተ ነው የሄደው፤ ሲደርስ ግን ሽማግሌውን ግራና ቀኝ አንገዳገዳቸው።

በሐመርኛ ስታስረዳቸው እኔ የገባኝ «ፒ» እና «ኤስ» የሚለው ብቻ ነው። ነገሩን ግን አውቀዋለሁ፤ ያስተማርኩት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሳ ሁለት ሞገድ አብረው ይነሳሉ። ፒ እየገፋ በፍጥነት ይቀድማል። ኤስ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ ቤት የሚያናውጠው ግን እሱ ነው።

አባትየው ትንሽ አሰቡና አንድ ነገር አሏት። እሷም ተረጎመችልኝ።

«ሐሙስ ዕለት ፍየሎቹ ከእኔ ቀድመው ብድግ አሉ። የመጀመሪያውን ሰምተው ነው ወይ? ይላል።»

እኔ ይቺን በቾክ ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው የፈጀብኝ!

ከዛ ሽማግሌው ዞር ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። «መቼ ይመለሳል?»

እዚህ ጋ ነው ያበላሸሁት። ልጅቷ እዚሁ እንድትቀርልኝ ጓጉቼ «በቃ አልፏል፣ ሁለተኛ አይመለስም በያቸው» አልኳት።

ኬሪ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «ቲቸር፣ ይሄን አልነግረውም።»

«ለምን?»

«መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ፈተናም ላይ አውጥተውታል... እኔ አግኝቼዋለሁ።»

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። የእኔ ፊት እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እሷ ግን ወደ አባቷ ዞራ የራሷን ነገረቻቸው። ምን እንዳለች ስጠይቃት ሳትደብቅ ነገረችኝ።

«ሊመለስ ይችላል፣ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ቲቸርም አያውቅም። ከመጣ ዴስክ ስር ገብቼ ጭንቅላቴን እሸፍናለሁ አልኩት።»

በቃ፣ ሄደች አልኩ በልቤ።

አባትየው ቦርኮቷቸው ላይ ቁጭ አሉ። ሐመር አገር ሽማግሌዎች የታረደ ፍየል አንጀት ዘርግተው የሚመጣውን ያነባሉ። እሳቸው ከአንባቢዎቹ አንዱ መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። ቀስ ብለው ተናገሩ፣ እሷም ተረጎመች።

«ሁልጊዜ አየሁ የሚል አንባቢ ውሸታም ነው። ጥሩ አንባቢ አንጀቱ ዝም ካለው አላየሁም ይላል። ልጄ አላውቅም አለች። እንግዲህ እዚህ በደንብ ተምራለች።»

ተነሱ። እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ ትንሽ አሳረፉና ወደ እኔ መጡ። ይሄኛውን ለመናገር አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

«እሷ እዚህ ትቅር» አሉኝ። «አንተም ተማር።»

በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዛ ቀን ተዋርጄ አላውቅም... እንደዛ ቀን ኮርቼም አላውቅም።