ሰማያዊው ቀድሞ

የዘይት ቀለም ሲሸተኝ ዛሬም ትከሻዬ ይኮማተራል። ኮልፌ ቤታችን ሳሎን ውስጥ አባባ የቢራ ሳጥን ላይ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ተክሎ፣ አንዱን ጥቁር አንዱን ሰማያዊ ቀብቶ፣ ታላቅ ወንድሜን ብሩክን ከፊቱ ያስቀምጠው ነበር። ጥቁሩ የሞተሩን ኃይል፣ ሰማያዊው የፕሮፔለሩን ዙር የሚቆጣጠር የአውሮፕላን ማንሻ መሆኑ ነው። አባባ በትንሽ አውሮፕላን እርሻ ላይ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ አብራሪ ነበርና፣ ጆሮው ደክሞ ቤት ከዋለ በኋላ የቀረው ምኞት ብሩክ የአብራሪነት ፈተናውን እንዲያልፍለት ብቻ ነበር።

በጋውን ሙሉ ማታ ማታ ልምምድ ነበር። «ውጣ!» ሲለው ብሩክ ሰማያዊውን አስቀድሞ ጥቁሩን ያስከትላል፤ «ውረድ!» ሲለው ጥቁሩን መልሶ ሰማያዊውን ያስከትላል። ከተሳሳተ የውሃ ጎማ በእጁ ጀርባ ላይ ያርፋል። «ዙሩን አትመን!» ይል ነበር አባባ፣ «ፕሮፔለሩ ክንፎቹን ራሱ እያዘነበለ ዙሩን እኩል ያደርግልሃል፤ ጥቁሩን ካስቀደምክ ግን ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ ይቃጠላል!» የሥራ ባልደረባው ተራራ ስር ተጨንቆ፣ ሰማያዊውን ረስቶ ጥቁሩን እስከ ጥግ ገፍቶት ሞተሩ ከድቶት ወድቋል። አባባ የማንሻዎቹን አቀማመጥ ያየው ሬሳውን ሲያወጣ ነው። ይህንንም እማዬ ነገረችን እንጂ እሱ አንድም ቀን አላወራም።

በልግ ሲገባ እኔ ከጓዳ ሽንኩርት እየላጥኩ በልቤ አብሬ እመልስ ጀመርኩ፣ አልሳትኩምም። ብሩክ ግን ጎማው በጮኸ ቁጥር ይብስበት ነበር። እኔ አባባን እጠላው ነበር፤ እወደውም ነበር፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ክረምት ሆኖ ፈተናው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ አባባ «ውጣ!» አለ፣ ብሩክም እጁ ከዳውና ጥቁሩን ገፋ። አባባ ጎማውን ወርውሮ፣ ሰማያዊውን እንጨት ከነሚስማሩ ነቅሎ ጣቶቹ ላይ አሳረፈበት። ሲሰበሩ ሰማሁ። እማዬ ሮጣ መሃል ስትገባ ሁለተኛው ምት ክንዷ ላይ አረፈ። ይሄኔ ብሩክ ተነስቶ አባባን በቴስታ መታው።

«ወይ ግደለኝ፣ ወይ ልቀቀኝ!» አለው።

«እኔ'ኮ እንዳትሞት ብዬ ነው!» ብሎ ጮኸ አባባ፣ ደሙን እየተፋ።

«አንተ ሰውዬ፣ እየገደልከው'ኮ ነው!» አለች እማዬ፣ ክንዷን አቅፋ። ከዚያ ብሩክን ይዛ በላዳ ወደ ዘነበወርቅ ሐኪም ቤት ሄደች። ከጣቶቹ ሁለቱ ሳይታጠፉ ቀሩ። ፈተናው አለፈው፤ አስኮ አክስታችን ጋ ገባና አባባ እስኪሞት ድረስ ቤታችንን አልረገጠም።

ዛሬ በትንሽ አውሮፕላን ማብረር የማስተምረው እኔ ነኝ። ተማሪዬ ተደናግጦ እጁ ወደ ጥቁሩ ሲሮጥ፣ እጄን እጁ ላይ አኑሬ «ሰማያዊው ቀድሞ» እለዋለሁ፣ ቀስ ብዬ። ያኔ ቤታችን ውስጥ ይህ ቃል ቀስ ተብሎ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ፋሲካ ብሩክን አየር ጤና ሱቁ ሄጄ «ና አንድ ቀን ላብርርህ» አልኩት። የማይታጠፉትን ሁለት ጣቶቹን እያሻሸ፣

«ከኋላ የምቀመጥ ከሆነ» አለኝ።