ማሽኑ እስኪሞቅ

ታይስቶ እባላለሁ። አርባ ዓመት ወረቀት ፋብሪካ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሙዚቃ ታንጎ ብቻ ነው የማውቀው። ስለ ራይሊ ማውራት የሚገባው ሌላ ሰው ነበር። ግን ኮትካ ውስጥ ሌላ የሚያወራ ሰው ካለ እስቲ አምጡልኝ! ከተማው በሙሉ አፉን ለጉሞ የተቀመጠ ነው። እኔም ከነሱ አልሻልም፣ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ራይሊ እኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። በወጣትነቷ ስልክ ማዞሪያ ቤት ሽቦ ትጠግን ነበር። አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ አሮጌውን ሊጥሉት አሉ፤ እሷ "ለኔ ስጡኝ" ብላ በረዶ ላይ እየተገፋ በሚንሸራተተው ወንበሯ እያመላለሰች ምድር ቤት አስገባችው። ጥቅልል ሽቦ፣ የሬዲዮ አምፖል፣ ስሙን የማላውቀው ኮተት ሁሉ።

ምድር ቤት የጋራ ልብስ ማጠቢያ አለን፤ ተራ የሚያዘው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ራይሊ ሐሙስ ሐሙስ ስሟን ትጽፋለች፣ ግን አንዲት ካልሲ እንኳ ይዛ ስትወርድ ያየ የለም። ከበሩ ውስጥ "እምምም" የሚል ድምፅ ይወጣል። ሦስት ዓመት! "ምን እያጠበች ነው?" ብሎ የጠየቀ የለም። እኛ ያደረግነው ተራችንን ወደ ዓርብ ማዛወር ነው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ አሁን ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎታል፣ የሠራተኞች አዳራሽ ኃላፊው ቬይኮ እሑድ ከሰዓት በቢንጎውና በጭፈራው መሀል አንድ ሰዓት ሰጣት።

"ሙዚቃ ነው" አለን ቬይኮ፣ ራሱም ሳያምንበት። የቴፕ መቅረጫውን ጥጉ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ተጫነ። እሱ የማይቀርጸው ነገር የለም፣ የማኅበሩን ሊቀ መንበር ሳል ሳይቀር ቀርጿል።

አርባ ሰው እንሆናለን። ራይሊ ከዚያ ኮተት የገጣጠመችውን ሣጥን የሚያህል ማሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አንድ ነገር አዞረች። "እምምም" አለ። ካፖርታችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ጠበቅን። አሁንም "እምምም"። አንዳንዴ ትንሽ ይወፍራል፣ አንዳንዴ ይቀጥናል፣ ሌላ ምንም የለም።

"ተበላሽቶባት ነው እንዴ?" አለችኝ ባለቤቴ ኪርስቲ በሹክሹክታ።

"እኔ ምን አውቄ!"

"እያስተካከለች ነው ወይስ እየተጫወተች ነው?"

"ዝም በይ እስቲ፣ ይሰማሉ!"

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ግራ ገብቶኛል። ግን ያ ድምፅ የሆነ ቦታ ገባብኝ። እናቴን የቀበርኩት በዚያው መኸር ነበር፤ መቃብሯ ላይ አንዲት እንባ ጠብ አላለችም። እዚያ ግን ለቢንጎ በመጣሁበት አዳራሽ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ኪርስቲ እንዳታየኝ ብዬ ጫማዬን እንደሚያስር ሰው አጎነበስኩ።

አርባ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ራይሊ ቀና ብላ አየችን። ማሽኑ ገና ያጉረመርማል። እሷ ታየናለች፣ እኛ እናያታለን። እኛ "አሁን ሊጀመር ነው" ብለን በጨዋ ደንብ ጠበቅን። ያጨበጨበ የለም፣ ያልተጀመረ ነገር ይጨበጨባል እንዴ? እሷ ብዙ ቆየች። ከዚያ የማሽኑን የመብራት ገመድ ነቀለች።

በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ማሽኑን አቅፋ ፊቴ ቆም አለች። ልነግራት የፈለግሁት ስንት ነገር ነበር! ከአፌ የወጣው ግን ይኼ ነው፦

"ውጭው ያንሸራትታል።"

"እያየሁት ነው" አለችኝና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ስሟ ወረቀቱ ላይ አልታየም። ሠላሳ አምስት ዓመት ደረጃ ላይ እየተላለፍን "ደህና ዋልሽ"፣ "ደህና ዋልክ"፣ በቃ። በመሀሉ ወጣቶቻችን ባዶ መጋዘን ውስጥ በማሽን ከበሮ መጨፈር ጀመሩ፤ እኛ ፖሊስ ጠራንባቸው፣ እሷ ዘንቢሏን ይዛ በዚያ አለፈች። ኪርስቲም ሞተች። ለኪርስቲም ቢሆን ስለዚያ እንባ አልነገርኳትም።

ዘንድሮ በበጋ ቱኦማስ የሚባል የሙዚቃ ሸክላ ሻጭ ከቱርኩ ከተማ መጣ። የቬይኮን ቴፕ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አግኝቶታል። አባዝቶ ሸጦት አልቋል አለኝ፤ በሄልሲንኪም በበርሊንም ወጣቶች ምድር ቤት ወለል ላይ ተጋድመው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል አለኝ። ጉድ በል ኮትካ! ቅዳሜ አሮጌው ፋብሪካ ውስጥ ዝግጅት አለ፣ እሷ እንድትጫወት ይፈልጋል። እሷ ግን "ኮትካ አንዴ ፈርዶብኛል" ብላ በሩን ዘግታበታለች።

"እርስዎ ጎረቤቷ አይደሉ?" አለኝ። "እስቲ ያናግሩልኝ። ነገ መልሷን ካላገኘሁ ስሟን እሰርዘዋለሁ።"

ወጣሁ። ሦስት ፎቅ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ በሰባ ሁለት ዓመቴ! ራይሊ ከፈተችልኝና ወጥ ቤት አስቀመጠችኝ። ስለ ድንች አወራን። ስለ ዓሣው መጥፋት አወራን። የጋራ እንፋሎት መታጠቢያችንን፣ ሳዑናውን፣ ማን አቆሽሾ እንደሚተወው ደግሞ በደንብ አወራን።

"ታይስቶ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "ለድንች ብለህ ሦስት ፎቅ አልወጣህም።"

"ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ..." አልኩ። "አለቀስኩ። ለእናቴ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። አንቺ ነሽ ያስለቀስሽኝ።"

ራይሊ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

"በየትኛው?"

"እንዴት በየትኛው? በሙዚቃሽ ነዋ!"

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሙዚቃውን አልተጫወትኩትም እኮ! ማሽኑን እያሞቅሁት ነበር። አዳራሹ ብርድ ነበረ፣ አምፖሎቹ አልሞቅ አሉኝ። ሲሞቅልኝ ቀና ብዬ አየኋችሁ። አርባ ሰው ሐውልት ሆኖ ተቀምጧል። 'ጠልተውታል፣ ጭፈራቸውን ነው የሚፈልጉት' አልኩና ነቀልኩት።"

በቃ ዞረብኝ። እኔ ያለቀስኩት፣ በርሊን ወለል ላይ የሚጋደሙት፣ ለአምፖል ማሞቂያ ነው? ደግሞስ ማሞቂያው እንዲያ ካደረገኝ ሙዚቃው ምን ሊያደርገኝ ነበር? ልስቅ ወይስ ልናደድ፣ አላወቅሁም።

"እሺ፣ ሙዚቃውስ?" አልኳት።

"ረሳሁት።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሦስት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ሠራሁት፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። የሚፈልገው ሰው የለም ብዬ አልጻፍኩትም። አሁን ብፈልገው የለም።"

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው! ይነቅዛል እንጂ፣ የሷ ይኸው ነቅዞ አለቀ።

ማሽኑን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አብረን ጎተትነው። አቧራውን በፎጣ ጠረገችና ሰካችው። ግማሹ አምፖል አልበራም። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ "እምምም" አለ። ያው ነው። ኪርስቲ ትዝ አለችኝ፣ እናቴም። በዚህ ጊዜ አላጎነበስኩም።

ራይሊ እጇን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችኝ፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

"ያኔ ምን ብንልሽ ነበር?" አልኳት።

"'ጀምሪ' ብትሉኝ ይበቃኝ ነበር። አንድ ሰው እንኳ።"

"ጀምሪ።"

"ረሳሁት አልኩህ እኮ፣ ታይስቶ።"

"ሰምቻለሁ። ጀምሪ!" ብዬ ጮህኩባት፤ የጎረቤት በር ሲከፈት ተሰማኝ።

ራይሊ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገችና ቁልፉን አዞረችው።