ሐይቁን የተሻገረው እድር

የብርጓል ገድሉ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ የነሐሴ ጧት ከአባቷ ጋር መረብ ለማንሣት በታንኳ ወጣች። ክረምት ስለ ነበር የጣና ውኃ ደፍርሷል፤ ከሥሩ ያለው አይታይም። ከቁንዝላ ዳርቻ ብዙም ሳይርቁ ከደንገሉ መካከል ጉማሬ ብድግ አለና ታንኳዋን ገለበጣት። አባቷ ገድሉ ጎበዝ ዋናተኛ ነበርና ልጁን በጸጉሯ ይዞ እየጎተተ አወጣት። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ በቀርከሃ አስሮ ሁለት ወር አስተኛት። እስሩ ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ እግሯ ግን ከሌላው ሁለት ጣት ያህል አጥሯል።

ከዚያ በኋላ እንስራ ተሸክማ ዳገት መውጣት አልቻለችም። ገድሉም ትምህርት ቤት አስገባት። ጎረቤቶቹ መሳቂያ አደረጉት።

«ገድሉ፣ ይችን ልጅ ፊደል ብታስቆጥራት ምን ልታደርግልህ ነው?»

«ደብዳቤዬን ታነብልኛለች።»

«ለአንተ ደግሞ ማን ደብዳቤ ይጽፍልሃል?»

«እሷው ትጽፍልኛለቻ!»

የብርጓል ትምህርቱን ወደደችው። ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ግን የነበረው አንድ መምህር ገናን ከዘመዶቹ ጋር ሊውል እንደ ሄደ ቀረ። ክፍሉም ተዘጋ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጀልባ በመጣ ቁጥር ወደብ እየወረደች ተሳፋሪውን «ከእናንተ መሐል መምህር አለ?» እያለች ትጠይቅ ነበር። አንዳንዱ ይስቅባታል፤ አንዳንዱ ዝም ብሏት ያልፋል። በሦስተኛው ዓመት መምህር መጣ። አቋርጣው የነበረውን ጨረሰች፤ ከመምህራን ኮሌጅ ተመረቀች፤ ብዙ ዓመት አስተምራም ሾላ በር በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ርዕሰ መምህርት ሆነች። ሾላ በር ከቁንዝላ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ናት።

እዚያ የጠበቃት ችግር ያው በልጅነቷ የምታውቀው ነበር። መምህራን በመስከረም ይመጣሉ፤ ገናን ተሻግሮ የሚቆየው ጥቂት ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ መምህራን ሄዱባት። የብርጓል ነገሩ የቤት ችግር ነው ብላ አመነች። እያነከሰች ደጅ ለደጅ ዞራ ሕዝቡን አስተባበረች። ገበሬው እንጨት ቆረጠ፤ ቆርቆሮ በጀልባ መጣ፤ ሦስት ክፍል ያለው የመምህራን ቤት ተሠራ። የመጡት መምህራን ቤቱን አመስግነው ሄዱ።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወረዳ ደብዳቤ ደረሳት። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሒሳብና የሳይንስ መምህር ከሌለ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይታጠፋሉ ይላል። በሁለቱ ክፍሎች ስልሳ አንድ ልጆች ነበሩ። አቅም ያለው ሰው ልጁን ቁንዝላ ቤት ተከራይቶ ያስተምር ይሆናል፤ የቀሩት፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ቤት መቅረታቸው ነው። የብርጓል ወደብ ላይ ቆሞ መምህር መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትታ ራሷ ባሕር ዳር ሄደች።

አዲስ ምሩቃን ምደባቸውን በሚጠባበቁበት ግቢ ውስጥ ቴዎድሮስ የሚባል ወጣት አገኘች። ሰው ሁሉ ቴዎ ይለዋል፤ እዚያው ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት ሰፈር ያደገ የከተማ ልጅ ነው።

«ሾላ በር የት ነው?» አላት።

«መኪናው ቁንዝላ ያወርድሃል። ከዚያ በእግር ነው።»

«ኔትወርክ አለ?»

«ከትምህርት ቤቱ በላይ ጉብታ አለ። እዚያ ከወጣህ አልፎ አልፎ ይመጣል።»

«መብራትስ?»

«የለም።»

ቴዎ ሳቀ። «እትዬ፣ ሰው ሊቀጥር መጥቶ እንዲህ የሚናገር አይቼ አላውቅም።»

«ደርሰህ ከምትረግመኝ እዚሁ ብትስቅብኝ ይሻላል።»

በመስከረም መጨረሻ ፍራሹን ተሸክሞ መጣ። ሒሳቡንም ሳይንሱንም ያዘ። ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥቶ የትልቁን ሾላ ቁመት በጥላው ያስለካቸዋል። ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቁመው ያዩታል፤ ስንት ክንድ ሆነ ብለውም ይከራከራሉ። የብርጓል ከቢሮዋ መስኮት ሆና ይህን ስታይ፣ በዚህ ዓመትስ ተሳካልኝ ትል ነበር።

በታኅሣሥ ወር አንድ ማክሰኞ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ቴዎ ስልክ ለመደወል ጉብታው ላይ ወጣ። በአገሩ ወግ ሰው ዘመድ ሲሞትበት ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጧት ቤቱ ይሄዳሉ፤ መርዶውንም ከበውት፣ ደግፈውት ይነግሩታል። ቴዎ የአባቱን ሞት ብቻውን ጉብታ ላይ ቆሞ በስልክ ሰማ። ወርዶ ቢሮዋ ሲገባ ፊቱ ሌላ ሰው መስሏል።

«አባቴ ሞተ» አላት።

የብርጓል ብድግ አለች። «እግዚአብሔር ያጥናህ» አለችው። ከዚያም ጊዜ እንዳታባክንበት ብላ ቶሎ ተቀመጠችና የሐዘን ፈቃድ ጻፈችለት። ቀኑን አስገባች፤ ፈረመች፤ ማኅተም መታችበት። ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈው። ከዚያም የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆመ። ምንም ስላልመጣ ወጥቶ ሄደ። የቁንዝላን መንገድ ብቻውን ተጓዘው። በማሳ ላይ የነበሩ ሰዎች አይተው ሰላም አሉት እንጂ የተከተለው የለም።

ቅዳሜ ዕለት የብርጓል ወደ መምህራኑ ቤት ወረደች። እንጀራ የምትጋግርለት ጎረቤቱ ባንቺአየሁ ደጁን እየጠረገች አገኘቻት። ባንቺአየሁ ለመንደሩ ሁሉ ለቅሶ የምታወጣ አልቃሽ ናት።

«ፍራሹን ጠቅልሎ ሄዷል» አለቻት። «አይመለስም፤ አትልፊ።»

«ምን አለሽ?»

«‹እትዬ ባንቺ፣ እዚህ ብሞትስ ማን ያለቅስልኛል?› አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን ልበለው እንግዲህ? እድሩ ውስጥ የለ!»

የብርጓል ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዘጠኙ መምህራን አንዷ ሊድያ ነበረች፤ ልጇ ታሞባት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን አስታማ በገና የሄደች። ያኔም የብርጓል ፈቃድ ጽፋላታለች። አንዱ ደግሞ ወንድሙ ሞቶበት ማንም ሳያውቅ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር የዋለ ነው። ቤት የተሠራላቸው ሁሉ በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነው ነበር የኖሩት። ቀና ስትል ባንቺአየሁ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ታያታለች።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ሰዎች ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። የእድሩ ዳኛ አያ ኃይለ ገብርኤል ናቸው፤ ድሮ ጀልባ ነጂ የነበሩ፣ ድምፃቸው ገና ሞተር የሚያሸንፍ ሰው። የብርጓል ቆመችና ሐሙስ በሚነሣው ጀልባ ሁላችንም ሰባታሚት ለቅሶ እንድረስ አለች።

«ያልተጻፈ ሰው?» አሉ አያ ኃይለ ገብርኤል።

«ይጻፍ።»

«ከሞተበት በኋላ!» ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ሦስት ወር ሙሉ ይጻፍ ሳልል የቆየሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ስሚኝ፣ የብርጓል። ያን የእርሻ ባለሙያ ጽፈነው አልነበረም? እናቱ ስትሞት ድንኳን ተሸክመን ሄድን። የእኔ እናት ስትሞት የት ነበረ? ተዛውሮ! የመንግሥት ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ወገኑ ከተማ ነው። ከተማው ያልቅስለት።»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ያሉት ውሸት አልነበረም፤ ቁስላቸውም ገና አልሻረም። የብርጓል ነጠላዋን አስተካከለች።

«እሺ፣ አያ። እናንተ ቅሩ። እኔ እሄዳለሁ። ‹ከሾላ በር ማን መጣ?› ሲሉኝ ‹አንዲት አንካሳ ሴት ብቻ› እላቸዋለሁ።»

«ኧረ አገር ልታዋርጂ ነው!»

«እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው የምሄድ። ውርደት ካለ ከሚቀረው ሰው ዘንድ ነው።»

አያ ኃይለ ገብርኤል ተነሡ፤ ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሡ። «አንቺ ብቻሽን ሄደሽ ሾላ በር ሰው የለበትም ይባል? ነገረኛ! ንፍሮ የሚቀቅል ረቡዕ ይቀቅል። ሐሙስ በጧት እንነሣለን።»

ሠላሳ አራት ሰው ተነሣ። በጀልባው ላይ ባንቺአየሁ ወደ የብርጓል ተጠጋች። «ለመሆኑ ምን ብዬ ላልቅስ? ሰውየው ምን ሠርቶ ኖረ? የየት አገር ሰው ነው?»

የብርጓል የሰውየውን ስም እንኳ የምታውቀው በልጁ መዝገብ ላይ ስላለ ነው። ሌላውንም ጠየቁ፤ የሚያውቅ ጠፋ። ልጆቻቸውን ያስተማረላቸውን ሰው አባት ከመካከላቸው አንድም ሰው ጠይቆ አያውቅም ነበር። አያ ኃይለ ገብርኤልም ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ።

ሰባታሚት ሲደርሱ መርዶው ከተሰማ ዘጠኝ ቀን ስለ ሆነ ድንኳኑ ተነሥቷል። ሠላሳ አራት ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ወይኔ እያለ በመንገዱ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ወጣ። ቴዎ ከደጁ ብቅ ብሎ ባለበት ደርቆ ቀረ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ያ ሁሉ ሲከራከሩ የነበሩት አያ ኃይለ ገብርኤል ናቸው። አንገቱን አቅፈው በዚያ ድምፃቸው አለቀሱ። ባንቺአየሁም ደረቷን እየመታች የምታውቀውን ያህል አወጣች፤

«አንተን አላየንህ፣ ሰላም አላልንህ፣
በልጅህ ነው እንጂ እኛስ ያወቅንህ።»

እናቱ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «ልጄ፣ እነዚህ የማን ሰዎች ናቸው?»

ቴዎ «የኔ ናቸው፣ እማዬ» አላቸው።

ቀኑን እዚያው ዋሉ። ሟቹ ከአርሲ በወጣትነቱ እንደ መጣ፣ ሠላሳ ዓመት በሽመና መኪና ላይ ቆሞ እንደ ሠራ፣ ጆሮው እንደ ደከመና ቀልድ እንደሚወድ ከእናቲቱ አፍ ሰሙ። ባንቺአየሁ ሁሉንም በልቧ ያዘች፤ ሲሰናበቱ እንደገና፣ አሁን በሙያውና በአገሩ፣ አለቀሰችለት። ሊወጡ ሲሉ አያ ኃይለ ገብርኤል የብርጓልን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

«ይመለስ እንደ ሆነ ጠይቂው እንጂ።»

«ለቅሶ ቤት ሥራ አይጠየቅም፣ አያ።»

«ታዲያ ለምን መጣን?»

«ሞቶበት።»

ሳትጠይቀው ተመለሰች። የፈቃዱ ቀን አለቀ፤ ገናም አለፈ፤ ቴዎ አልመጣም። የብርጓል ለወረዳ የምትጽፈውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ተወችው። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ቴዎ ከቁንዝላ መንገድ ብቅ አለ። ትምህርት ቤት አልገባም፤ ቀጥ ብሎ አያ ኃይለ ገብርኤል ቤት ሄደና እድር ልመዝገብ መጣሁ አላቸው።

«ምዝገባ እሑድ ነው» አሉት፤ ከዚያም ሳቃቸው መጣና አስገብተው አበሉት።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አልታጠፉም። እድሩም ሾላ በር የሚመደብ መምህር በመጣበት ሳምንት ይጻፍ ብሎ ወሰነ። አያ ኃይለ ገብርኤል የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት መምህር ፍለጋ ከየብርጓል ጋር ባሕር ዳር ሄደው በምሩቃኑ ፊት ቆሙ።

«ልጆቼ፣ እኛ ዘንድ መብራት የለም። ብትሞቱ ግን በክብር ነው የምንቀብራችሁ!»

«አያ፣ ልጆቹን አባረሩብኝ እኮ!» አለች የብርጓል።

ሁለት መጡ። አንዷ በሦስተኛው ወር ትንኙ በዛብኝ ብላ ሄደች፤ ሌላው አሁንም አለ። ቴዎ አራት ዓመት አስተምሮ ለትምህርት ወደ ጎንደር ሲሄድ አያ ኃይለ ገብርኤል ቢያጉረመርሙም ስሙን ከመዝገብ አልሠረዙትም።

አሁን የብርጓል ጸጉሯ ሸብቷል። በቅርቡ ለአዲስ ርዕሳነ መምህራን ልምዷን እንድታካፍል ባሕር ዳር ተጠርታ ነበር። ኪዳነ ወልድ የሚባል ወጣት ርዕሰ መምህር እጁን አውጥቶ ለአንድ መሪ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ምንድን ነው ሲል ጠየቃት። እሷም እንዲህ አለችው፤

«እኔ መምህር ሲመጣልኝ ማስረጃውን ነበር የምመለከት። መምህር ጎደለኝ እያልሁ ያን ሁሉ ዓመት ስጽፍ፣ ካጠገቤ ያለውን ሰው አላየሁትም። አባቱ ይኑር አይኑር፣ ምን እንደሚያሳስበው፣ ማን እንደሚናፍቀው ሳልጠይቅ ሦስት ወር አብሬው ሠራሁ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው፤ ሰውየው ሐዘን ሳያገኘው በፊት ወገን ይኑረው። ካዘነ በኋላ መሮጥማ እኛም ሮጠናል። ደርሰናልም። ግን ዘግይተን ነበር።»