በምላስ የሚለይ አጥንት

ከዚህ አጥንት ለቃሚ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሻይ አይወርድልኝም። ቡታጅራ ሻይ ቤት፣ ከንጉሡ ፎቶግራፍ ሥር፣ የፈረንጅ ካኪ ኮቱን ለብሶ ከስልቻው ከወንዝ ዳር የለቀመውን ድንጋይና አጥንት እያወጣ ይልሳል። ከዚያ በዚያው ምላሱ ቀለም የሚለቅ ኮፒ እርሳስ አርጥቦ «የጉማሬ ጥርስ» ብሎ ይጽፍበታል። ከንፈሩ በቀለሙ ወይን ጠጅ መስሏል፤ ጺሙ ላይ ጭቃ ተንጠልጥሏል።

«ድንጋይ ከሆነ ይንሸራተታል፤ የጥንት አጥንት ከሆነ ምላስ ይይዛል» አለኝ፣ አፈር እየተፋ። «የጥንት አጥንት ለሚፈልጉ ፈረንጆች ስቆፍር ነው የተማርኩት።»

ሻዬን ገፋሁት። ከደረት ኪሱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽዬ ጥርስ አወጣ፤ አይቷት መልሶ ጠቀለላት።

«እሷንስ አትልሳትም?» አልኩት፣ እንደተጸየፍኩ።

«የልጄ ናት» አለ። «ጣሪያ ላይ ሳትወረውራት ሞተችብኝ።»